ከአደም ጋር ያልበላሁት ፉል

ባለፈው ሳምንት አዘዞ ወዳለው የልጄ ወርክሾፕ ጎራ ብዬ ነበር። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረው፤ ሥራ ካቆምኩም ቆይቻለሁ፤ ብረት ሲቆረጥ ካልሰማሁ ግን ቀኑ የነጋ አይመስለኝም። በሩ አጠገብ የተፈታታ የበቆሎ መፈልፈያ ቆሟል። ከውስጥ፣ ከቁርጥራጭ ብረቱ ክምር ኋላ፣ አንድ ረጅም ጥቁር ሰው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይበይዳል። ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ከገቡት ስደተኞች አንዱ ነው። ጠጋ ብዬ ሥራውን አየሁት። ብየዳው በስፌት መኪና የተሰፋ ይመስል መስመሩን ጠብቆ ይሄዳል።

ከፊት ለፊት፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ ያለው ጠረጴዛ ባዶውን ነው። ለምን እዚያ እንደማይሠራ ልጄን ጠየቅሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ደንበኛ ሲያየው ቅር ይለዋል። ይሄ ጥቁር ነው ወይ የሚሠራልኝ ይሉኛል። ምን ላድርግ?» አለኝ። ልጄ ክፉ አይደለም፤ ለሰውየው ሥራ የሰጠውም እሱ ነው። ያን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ። የዛሬ አርባ ስድስት ዓመት ገደማ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ እኔ የተናገርኩበት ድምፅ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የደርግ ጊዜ ነው። ጎንደር ውስጥ ወጣት ሆኖ መገኘት ብቻውን የሚያስጠይቅበት ዘመን ነበር። አንድ ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ ብረት መቅረጽ እየተማርኩ ሳለ ሁለት ጓደኞቼ ተወስደው አልተመለሱም። እናቴ ስንቅ ቋጠረችና «ሂድልኝ» አለችኝ። ታደሰ ከሚባል የሰፈሬ ልጅ ጋር በእግር መተማን፣ ገላባትን፣ ዶካን አልፈን ገዳሪፍ ገባን። ክረምት ስለነበር ያ ጥቁር መሬት እግር ከያዘ አይለቅም፤ አንደኛውን ጫማዬን ጭቃ ውስጥ ትቼው ነው የደረስኩት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ ከተማ ናት። ነፋስ ሲነሣ አየሩ የሰሊጥ ዘይት ይሸታል፤ አንዳንዱ ሰፈር ዘይቱን ግመል እየዞረ ይጨምቀው ነበር። እዚያ የሌለ የሰው ዓይነት አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው ሐበሻ፣ ልብስ ሰፊው ኤርትራዊ፣ ጆንያ ተሸካሚው ከምዕራብ የመጣ፣ ሰሊጥ አጫጁ የጎንደር ቆላ ሰው ነው። ከተማዋ የምትበላው በመጤ እጅ ነው፤ መጤውን ግን ዓይኑን ማየት አትፈልግም። ዳቦ ሰልፍ ላይ ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ያለውን ያስቀድሙብኛል። ቤት ሊያከራዩን ተስማምተው «ሐበሺ» መሆናችንን ሲሰሙ ቁልፉ ይጠፋባቸዋል። እሑድ ደወል የማይሰማበት ከተማ ስለሆነ እሑድን ከሰኞ መለየት ራሱ ይቸግረኝ ነበር። ቀትር ላይ ሁሉም በሩን ዘግቶ ሲተኛ ጎዳናው ላይ እኔና አህዮቹ ብቻ እንቀራለን። ያለቀስኩባቸው ቀናት አሉ፤ አላፍርባቸውም።

ሥራ ያገኘሁት ሐጅ በሽር ከሚባሉ ሰው ወርክሾፕ ነው። ሐጁ ወፍራም፣ ቀልድ የሚወዱ፣ የነጭ ጀላቢያቸው ጫፍ ሁልጊዜ ግራሶ የነካው ሰው ነበሩ። ብረት ሥራ ራሳቸው አያውቁም፤ የሚያውቅ ሰው ግን ያውቃሉ። የዚያን አገር ትልልቅ እርሻዎች የማሽላ መውቂያ ማሽኖች እየጠገንን ለአጨዳ እናደርሳለን። እኔን ቶርኖው ላይ አቆሙኝ፤ ታደሰን፣ ሙያ ባይኖረውም፣ በኔ ልመና ብረት አቀባይ አደረጉት። ሁለት የከተማው ሰዎች ብየዳ ይሠራሉ። ከሁላችን በላይ ደግሞ አደም ነበረ።

አደም ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ክንዱ በእሳት ጠባሳ የተዥጎረጎረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ጥቁር ሰው ነው። አያቱ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው በእግራቸው ወደ መካ ሲጓዙ ስንቅ አልቆባቸው ገዳሪፍ ላይ የቀሩ ናቸው። አባቱም እሱም እዚያው ተወለዱ። ከተማው ግን በሦስተኛው ትውልድም «ፈላታ» እያለ እንደ እንግዳ ይቆጥረዋል፤ የዜግነት ወረቀትም አልሰጠውም። እኛም አገር ቤት እንዲህ ያለውን መልክ የምንጠራበት ቃል ነበረን፤ እዚህ አልጽፈውም፤ እኔና ታደሰ ግን አደም አማርኛ አይሰማም ብለን እፊቱ እንለው ነበር። በዕድሜ ከኛ የሚበልጠውን የከተማ ሰው ሁሉ «ዓሚ»፣ አጎቴ ማለት ነው፣ ብለን ስንጠራ እሱን በባዶው «አደም» እንለዋለን። እኔን ሲንቁኝ ያመኝ ነበር እኮ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

የአደም ሥራ ከበሮ ሚዛን ማስያዝ ነው። የመውቂያው ሆድ ውስጥ ጥርስ ያለው ትልቅ የብረት ከበሮ በኃይል ይሽከረከራል። ጥርሱ አልቆ አዲስ ሲበየድለት አንዱ ጎን ከሌላው ትንሽ ከከበደ ማሽኑ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ይፈጫል፤ አንዳንዴም ከበሮው ቤቱን ሰብሮ ይወጣል። አደም ከበሮውን በሁለት ቀጫጭን ሐዲዶች ላይ ያጋድመውና በአንድ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል። ከዚያ ይቁነጠነጣል ብላችሁ አትጠብቁት፤ ቁጭ ብሎ ያያል። ከባዱ ጎን ወደ ታች ሲወርድ በቀላሉ ጎን ትንሽ ብረት ይለጥፋል፤ ደግሞ ይገፋል። ከእጁ የወጣ ከበሮ ሲሽከረከር ማሽኑ ላይ ብርጭቆ ውኃ ቢያስቀምጡ አይፈስም። እኔ ከቶርኖዬ ሆኜ በሩቁ አየው ነበር። ጠጋ ብዬ አልጠየቅሁትም።

ረፋድ ላይ ፈጡር የሚሉት ቁርስ አለ። ትልቅ ሳህን ፉል፣ ሽንኩርት፣ አይብ፣ ሻጣ የሚሉት ደቃቅ በርበሬ፣ ከላይ የሰሊጥ ዘይት ፈሶበት መሬት ላይ ይቀርባል፤ ሐጁ ሳይቀሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዙሪያውን ይቀመጣሉ። የሥራው ወሬ፣ ቀልዱ፣ ትናንት የተበላሸው፣ ነገ የሚሠራው፣ ሁሉም እዚያ ሳህን ላይ ነው የሚወራው። እኔና ታደሰ ግን ጥግ ይዘን ደረቅ ዳቦ በቲማቲም እንበላለን። «ጾም ነው» እንላቸዋለን። ረቡዕና ዓርብማ እውነት ነው፤ ሰኞና ማክሰኞም ግን ጾም ነው እንላለን። የእስላም ሥጋ አንበላም እንዳንል ፉል ሥጋ የለውም። ሐጁ ቤታቸው ሲጠሩን ደግሞ ሥጋ የሌለበትን ሁሉ ከእሳቸው ጋር ከአንድ ሳህን ስንበላ ማተባችን ምንም አላለንም። የከበደን ከአደም እጅ ጋር አንድ ሳህን ውስጥ መግባት ነው።

አንድ ረቡዕ አደም ለብቻዋ ትንሽ ሳህን ይዞ ወደ ጥጋችን መጣ። በፊቴ አስቀመጣትና እሱም ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ወለዲ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «አይብ የለውም፤ እንቁላል የለውም። የሰሊጥ ዘይት ብቻ ነው። ጠይቄ ነው ያሠራሁት።»

ቀኖቻችንን ቆጥሮ አውቋቸው ነበር። ስለ ጾማችን ማንን እንደጠየቀ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ፉሉ ይጨሳል፤ ዘይቱ ከላይ ያበራል፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር፤ ሆዴ ሲጮኽ እሱም ሳይሰማው አልቀረም።

«አልራበኝም» አልኩት።

ታደሰ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። አደም ሳህኗን በዳቦ ከደናትና እዚያው ትቶልኝ ተነሣ። እስከ ማታ ድረስ አልነካኋትም። አደም ሲወጣ ፉሉን ደጅ ለቆመ በግ ሰጥቶ፣ ሳህኗን አጥቦ፣ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ በኋላ ምግብ ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም። እኔም ከታደሰ ጋር በያዝናት ክፍል ውስጥ በየማታው ተጋድሜ፣ በዚህ አገር የሚቀርበኝ ሰው የለም እያልኩ ለራሴ አዝን ነበር።

ጥቅምት ላይ «ከሻ» መጣ። ከሻ አፈሳ ነው። ዳቦ የተወደደው፣ ውኃ ያነሰው፣ ቤት የጠፋው በመጤ ነው የሚል ወሬ ገበያውን ሞላው፤ ከሁሉ ይበልጥ የጮኹት ሰሊጥ ነጋዴዎቹ ነበሩ። የጭነት መኪኖች ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ወረቀት የሌለውን ይጭናሉ። ሐበሻውን ወደ ኡም ራኩባ መጠለያ፣ እነ አደምን ደግሞ ከኸሽም ኤል ቂርባ ወዲያ ወዳለው የሸንኮራ እርሻ ይወስዳሉ። ሐጁ ከሹሞቹ ጋር ሲሟገቱ ውለው በደከመ ፊት ተመለሱ። ቶርኖው አጠገብ መጥተው ቆሙ።

«ሁለት ሰው ብቻ ፈቀዱልኝ» አሉኝ። «አንዱ አንተ ነህ። ሁለተኛው አደም ነው ወይስ ጓደኛህ? እውነቱን ንገረኝ፤ ያለ አደም ከበሮውን ትችለዋለህ?»

«እችለዋለሁ» አልኩ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ታደሰ የአገሬ ልጅ ነው፣ እናቱን አውቃለሁ፣ መጠለያ ገብቶ ቢሞትስ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ይሄ ሐሰት አይደለም። ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ ቢሆን «አልችልም፣ ግን ታደሰን አስቀሩልኝ» ብዬ እለምን ነበር። እንደምችለው ከልቤ አምኜ ነው የተናገርኩት። እንደ አደም ያለ ሰው እኔ የማላውቀውን ነገር ሊያውቅ ይችላል የሚለው ሐሳብ ባጠገቤም አላለፈ። ሐጁም ሳያወላውሉ አመኑኝ፤ ምናልባት እሳቸውም ከሱ ይልቅ የኔን መልክ ማመን ቀሏቸው ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው በሩ ላይ ሲቆም አደም ልብሱን በአንድ ጨርቅ ቋጥሮ መጣ። ሁለቱን ሐዲዶች ከቦታቸው አንሥቶ በጨርቅ ወለወላቸውና እጄ ላይ አስቀመጣቸው።

«ትችለዋለህ አሉኝ» አለ። «አላህ ያቅናልህ። ብቻ አትቸኩል።»

ያን ጊዜ «አላውቅበትም፣ አስተምረኝ» ማለት ይቻል ነበር። ሾፌሩ ሲጋራ እያጨሰ ነው፤ ጊዜ ነበር። ሐዲዶቹን ግድግዳው ላይ አስደገፍኳቸው። አደም መኪናው ላይ ሲወጣ አንድ ሰው እንኳ እጁን አልያዘለትም፤ እኔን ጨምሮ።

ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ፍሬው ያለበት ቅርፊት ሊሰነጠቅ ሲል ካልታጨደ፣ በነዶ ታስሮ አፉን ወደ ላይ አድርጎ «ሂላ» በሚሉት ክምር ካልቆመ፣ መሬት ይጠጣዋል። የሚያጭደው ሰው ሁሉ ተጭኖ ሄዷል። በአንድ ሳምንት ውስጥ እነዚያ የጮኹት ነጋዴዎች አጫጅ ፍለጋ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ሲዞሩ አየኋቸው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከሐጁ ጋር ማሽን ለማየት ወደ አንድ እርሻ ወጥተን ነበር። ነፋስ ሲነካው ማሳው ሁሉ ሽሽሽ ይላል፤ ሐጁ ጎንበስ ብለው ከመሬት በእጃቸው ዘገኑ፤ አፈርና ሰሊጥ ነበር። ወደ ከተማ ስንመለስ ገበያው በር ላይ መኪኖች የሚጭኑት አጥተው ተሰልፈዋል። የሚሸከምም አልነበረም። ሁለት ዳቦ ቤቶች ሊጥ የሚያቦካ ጠፍቶ ተዘግተዋል። አሁን ዳቦ ሰልፍ ላይ የሚያስቀድምብኝ አልነበረም፤ ዳቦውም አልነበረም።

ከዚያ የማሽላው ተራ ደረሰ። የመጀመሪያውን ከበሮ እንደ አደም ሐዲዱ ላይ አጋደምኩት፤ ገፋሁት፤ ብረት ለጠፍኩ፤ አልቸኮልኩም። ሐዲዱ ላይ ጸጥ ብሎ ቆመ። በደስታ ሐጁን ጠርቼ አሳየኋቸው። ማሽኑ እርሻ በደረሰ በሁለተኛው ቀን ኩሽኔታው ተፈጭቶ፣ ቤቱ ተሰንጥቆ በመኪና ተጭኖ ተመለሰ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ ባድርም የጎደለው ነገር አልታየኝም።

ሐጁ ወደተሰበረው ከበሮ ጠጋ አሉና ቀበቶ የሚገባበትን ፑሌጃ በእግራቸው ነካ አደረጉት።

«ስትመዝነው ይሄ ነበረበት?» አሉኝ።

አውልቄው እንደነበረ፣ ከጨረስኩ በኋላ መልሼ እንደገጠምኩት ነገርኳቸው።

«አደም እኮ ሁልጊዜ፣ ሙሽራ የምትመዘነው ከነወርቋ ነው፣ እያለ ያስቀን ነበር» አሉ። «እኔ ቀልድ መስሎኝ ነው። ፈጡር ላይ ስንት ጊዜ ተናግሮታል። አንተ አልነበርክም?»

አልነበርኩም። አምስት እርምጃ ርቄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቲማቲም እየበላሁ ነበር።

ሦስተኛ ከበሮ የሚያመጣልን ጠፋ። ገበሬዎቹ ማሽኖቻቸውን ወደ መደኒ ከተማ መጫን ጀመሩ፤ ከኛ ቀጥሎ ያለው ራዲያተር ጠጋኝ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ጎማ ነጋዴ፣ ፊት ለፊት ሻይ የምታፈላው ሴት፣ ሁሉም የሚበሉት ወደኛ ማሽን ጭኖ በሚመጣው መኪና ኖሯል። ታደሰ በበኩሉ ውጭ አገር የሚሄድበት ዕድል ወጣለትና አቅፎኝ ሄደ። ደስ አለኝ፤ ማታ ክፍሉን ስከፍት ግን የተነጠፈው አንድ አልጋ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ተነሥቼ አደምን ፍለጋ በጭነት መኪና ኸሽም ኤል ቂርባ ድረስ ሄድኩ። ምን እንደምለው አስቤያለሁ። መጀመሪያ «ዓሚ አደም» ልለው ነበር። ቦዩን ተከትዬ ሸንኮራ ቆራጮቹ ካሉበት ደረስኩ፤ ሁሉም እንደሱ ያሉ ናቸው፤ ሽማግሌው ብረት ሠሪ ወደ ኒው ሀልፋ አካባቢ ሄዷል፣ የት እንደሆነ አናውቅም አሉኝ። ቁርስ ሰዓት ስለነበር ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ተቀምጬ ከሳህናቸው በላሁ። ከበላሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ፉሉም አይብ ነበረበት። የጾሜን ቀን የሚያስታውሰኝ ሰው እዚያ አልነበረም።

ሐጁ በዚያው ዓመት ቶርኖውን ሸጠው ወርክሾፑን ዘጉ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም ከሰው ሥራ ወደ ሰው ሥራ ስል ቆይቼ ደርግ ሲወድቅ አገሬ ገባሁ። ሐዲዶቹን ይዣቸው ነው የመጣሁት፤ ዛሬም በልጄ ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ከተማ ለምን ይደኸያል ቢሉኝ ዝናብ ሲቀር፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ ጦርነት ሲመጣ እንደሆነ እንደ ሰው ሁሉ አውቃለሁ። ከዚህ ሌላ ግን በዓይኔ ያየሁት፣ በገዛ አፌም የረዳሁት አንድ ምክንያት አለ፤ እሱን ለልጄ ነግሬው አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ከወንበሬ ተነሣሁና ማዶ ካለው ምግብ ቤት አንድ ትልቅ ሳህን ፉል አስመጣሁ። ከፊት ባለው፣ ብርሃን በሚገባበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና ብየዳ የሚሠራውን ሰውዬ በተረፈችኝ ዓረብኛ ጠራሁት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ መጣ። ሳህኑን አየ፤ ልጄን አየ፤ እኔን አየ።

«ሸብዓን» አለኝ። ጠግቤያለሁ ማለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሲቀምስ አላየሁትም።

እኔ አልራበኝም ያልኩት በትዕቢት ነበር፤ እሱ ግን ከሰው ሳህን መራቅን ተምሮ ነው ያለው፤ ማን እንዳስተማረው ደግሞ አውቃለሁ። ዳቦውን ለሦስት ቆረስኩት። አንዱን በሱ በኩል አስቀመጥኩ፤ አንዱን ለራሴ ያዝኩ። ፉሉ መቀዝቀዝ ጀምሯል። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል።

«አንተም እጅህን ታጠብና ና» አልኩት።